በደቻቱ ሸለቆ ሽቅብ ወደ ኖራ ድንጋዩ ገደል፦ ከልጆች ጋር እንዴት ይኬዳል?

የሳቢያኗ እናት፦

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ አሁንም የምኖረው ሳቢያን ነው። ለጥር የትምህርት እረፍት ከአዲስ አበባ የመጣው የወንድሜ ልጅ፣ ባለፈው ሰኞ ከከዚራ ወደ መጋላ ስንሻገር ድልድዩ ላይ ቆሞ አሸዋውን ቁልቁል ሲያይ ቆየና፣ «አክስቴ፣ ውሃ የሌለው ነገር ወንዝ ይባላል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። «ክረምት ላይ ብትመጣ ታየው ነበር» አልኩት፤ መልሴ ግን ለራሴም አላጠገበኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ደቻቱን እንደ አንድ መንገድ እየተሻገርኩ ኖሬያለሁ እንጂ ከየት እንደሚመጣ፣ ሽቅብ ቢከተሉት ምን እንደሚታይ፣ ከከተማው በስተደቡብ የሚታዩት ነጣ ያሉ ገደሎች ከምን እንደተሠሩ ልነግረው አልቻልኩም።

ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ እሱንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ከከተማው ወጣ ብዬ የወንዙን መንገድ ሽቅብ በእግር ልከተል አስቤያለሁ። ልጆቼ 9 እና 13 ዓመታቸው ነው፤ የወንድሜ ልጅ 11 ነው። በገደሉ ላይ ጥንታዊ ዋሻ እንዳለም ሰምቻለሁ። ጥር ደረቅ ወር መሆኑ ከጎርፍ ያድነናል ወይ? የ9 ዓመቷ ልጅ እስከ ዋሻው ትዘልቃለች? ፈቃድ የሚጠየቅበት ቦታ አለ? ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚያ ደርሰን ዝም ብለን ድንጋይ አይተን እንዳንመለስ፣ ለልጆቹ ምን ብዬ ላሳያቸው? አንዲት ባልደረባዬ «ይልቅ ባቢሌ አጠገብ ወዳለው ወደ ዳካታ ውሰጃቸው፣ ድንጋዩ እዚያ ነው የሚያምረው» ብላኛለች፤ በዚህም ላይ አስተያየታችሁን እፈልጋለሁ።

የድንጋይ ተማሪ፦

እህቴ፣ ልጁ የጠየቀው ትልቅ ጥያቄ ነው። መልሱም እርስዎ ቤት ውስጥ አለ። ሻይ የሚያፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ክዳኑን አንሥተው ውስጡን ያሳዩት። በግርጌው የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ከዚያ ገደል ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ሁለቱም በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህ ውሃ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቆች ውስጥ ሲያልፍ ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟዋል፣ ስንጥቁን ያሰፋዋል፣ ብዙ ሺህ ዓመት ካገኘም ዋሻ ያደርገዋል። የሟሟውን ድንጋይ ይዞ ከመሬት በታች የተቀመጠው ውሃ በጉድጓድ ተስቦ ወደ ቤታችን ይመጣል፤ ስናፈላው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበንና ድንጋዩ ተመልሶ ማንቆርቆሪያው ላይ ይጋገራል። ድሬዳዋ የምትጠጣው በአብዛኛው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ለዚህም ዋነኞቹ ጉድጓዶች የሚገኙት እርስዎ በሚኖሩበት በሳቢያን ነው። ስለዚህ ልጁን «ውሃው አለ፤ እኛ የምንሄደው በላዩ ላይ ነው» ቢሉት እውነት ነው። ደቻቱ በጎርፍ ሲሞላ ከሚያልፈው ውሃ ከፊሉ በአሸዋውና በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ ይቀራል።

ሸለቆው ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚታያችሁ ንብርብሩ ነው። ገደሉ እንደ ተደራረበ እንጀራ በተርታ የተነጠፈ ይመስላል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ንብርብሩ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ወይም ድንገት ተቆርጦ ታዩታላችሁ። ንብርብሩ የጥንት ባሕር ወለል ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነው በጁራሲክ ዘመን ከደቡብ ምሥራቅ የመጣ ባሕር ይህን ምድር ሸፍኖት ነበር፤ የባሕሩ ደለልና የፍጥረታቱ ዛጎል ከሥር እየተከማቸ ጠጥሮ የኖራ ድንጋይ ሆነ። መቆራረጡና መዝመሙ የመጣው በጣም ዘግይቶ፣ የስምጥ ሸለቆው መሬት ሲሰነጠቅና ሲሰምጥ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በደጋው ላይ ያለው የደንገጎ አካባቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚያያት በዚህ ምክንያት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ የተተከለውም ለሲሚንቶ ዋናው ግብአት የሆነው ይኸው ድንጋይ እደጁ ስለነበረ ነው።

ለልጆቹ የምመክረው ሥራ አንድ ነው። በትንሽ ጠርሙስ አቼቶ ይያዙ፤ ከሌለ ሎሚም ይሆናል። የወንዙ አሸዋ ላይ የተለያየ ቀለም ያላቸውን ጠጠሮች ይልቀሙ፦ ጥቁሩ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ባዛልት ነው፣ ቀላ ያለውና ቅንጣቱ የሚታየው የአሸዋ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፣ ነጣ ወይም ግራጫ ያለው ልሙጡ ኖራ ነው። እያንዳንዱን በሌላ ድንጋይ ጫር ጫር አድርገው ዱቄት ሲያወጣ አቼቶውን ጠብ ያድርጉበት። ኖራው ላይ ብቻ ነጭ አረፋ ይፈላል፤ ጆሮ ጠጋ ካደረጉም ሲንሿሿ ይሰማል። የሚወጣው አረፋ ቅድም ያልኩት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጠጠሩ ሁሉ ከላይ ከደጋው በጎርፍ ተንከባሎ የወረደ ስለሆነ፣ አንድ እፍኝ ጠጠር ማለት የተራራው ሁሉ ናሙና ማለት ነው።

ዳካታን በተመለከተ፣ ባልደረባዎ ስለ ውበቱ አልተሳሳቱም፤ ሆኖም የባቢሌ ድንጋዮች ግራናይት ናቸው። ግራናይት በውሃ አሲድ እንደ ኖራ አይሟሟም፤ እዚያ አንዱ ባንዱ ላይ ተሸክሞ የቆመውን ድንጋይ የፈጠረው በስንጥቆቹ እየገባ የሸረሸረው አየርና ውሃ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። ለሌላ ቅዳሜ ያቆዩት።

የደቻቱ ዳር ጎረቤት፦

ስለ ጎርፉ የሚመልስ ሰው ስላላየሁ እኔ ልናገር፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ ግቢ ተኝተን ነበር። በእኛ ሰፈር ያን ያህል አልዘነበም። የቀሰቀሰን ድምፁ ነው፤ ከባድ መኪና በጠጠር ላይ ሲሄድ የሚሰማ ዓይነት ጉርምርምታ፣ እሱም የማያቋርጥ። አባቴ ምንም ሳይጠይቅ «ተነሡ፣ ወደ ላይ» ብሎ አስወጣን፤ ስንመለስ የጓዳው ግድግዳ ላይ ጭቃው የደረሰበት መስመር ከእኔ ደረት በላይ ነበር። በዚያች ሌሊት በከተማችን ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቤት አልባ ሆኑ። ከጎረቤቶቻችን መካከል ያልተመለሱ አሉ።

ይህን የማነሣው ልጆቹን እንዳይወስዷቸው አይደለም፤ እንዲያውም ቢወስዷቸው ደስ ይለኛል። ጥር ጥሩ ወር ነው። የሚያሰጋው የበልጉ ዝናብ ከሚጀምርበት ከየካቲት መጨረሻ አንሥቶ እስከ ሚያዝያ፣ ከዚያም ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው። በጥርም ቢሆን ግን ያለ ወቅቱ ዝናብ ሊጥል ስለሚችል፣ ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት የሚያዩት ከራስዎ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን በደንገጎ በኩል ያለውን ነው። እዚያ ዳመናው ጠቁሮ ከወረደ እኛ ዘንድ ፀሐይ ቢሆንም ጉዞው ይቅር። ደቻቱ ውሃውን የሚሰበስበው ከደጋው ነው፤ ቁልቁለቱም እጅግ ቀጥ ያለ በመሆኑ ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ከተማው የሚደርሰው በሰዓታት ውስጥ ነው፣ ምንጣፉም አሸዋና ጠጠር ነውና የሚይዘው ነገር የለም።

ሸለቆው ከሚጠብበት ቦታ ላይ ቁጭ ብላችሁ ምሳ እንዳትበሉ አደራ። ስታርፉ ሰፋ ያለና በአንድ በኩል ሊወጡበት የሚችሉ ዳገት ያለበትን ምረጡ፤ ልጆቹንም «ብንሮጥ ወዴት ነው የምንወጣው?» ብለው አስቀድመው ይጠይቋቸው። ከጉልበት ያላለፈ ፈጣን ጎርፍ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። ድምፅ ከሰሙ ወይም ጥቂት የነበረው ውሃ ድንገት ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ አይቁሙ።

አስጎብኚው፦

ወደ ዋሻው ልግባ። የሚጠሩት ዋሻ ፖርክ ኤፒክ ነው፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ከከተማው በስተደቡብ በ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ከደቻቱ ሸለቆ ወለል 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በኖራ ድንጋዩ ገደል ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1933 በተደረገው ቁፋሮ የጥንት ሰው የታች መንጋጋ ስባሪ የተገኘበት ሲሆን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ እንደገና በሰፊው ተቆፍሯል። በመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ከድንጋይ የፈለጧቸው ስለቶችና ጫፎች በብዛት ወጥተውበታል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቀዩ ቀለም ነው፦ ከ4,000 በላይ ቁራጭ፣ በክብደት 40 ኪሎ የሚያህል ቀይና ቢጫ የቀለም ድንጋይ፣ ከሚፈጩበት ድንጋይ ጋር ተገኝቷል። ይህ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። አንድ ሰው ያን ሁሉ ዳገት ቀለም ተሸክሞ ወጥቶ፣ ተቀምጦ ፈጭቶ፣ ለልጆቹ ወይም ለእንግዶቹ ቀብቶ ነበር ብላችሁ ብትነግሯቸው ልጆቹ ይገባቸዋል። በግድግዳው ላይ ያሉት የደበዘዙ ሥዕሎች ከዚያ ዘመን በእጅጉ የኋላ ናቸው፤ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያስረዱ አሉና እንዳይምታታባችሁ።

ስለ ፈቃድ የተጠየቀው ትክክል ነው። ወደ ዋሻው ለመውጣት ካሰባችሁ ከዓርብ በፊት የድሬዳዋ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰውም ይዛችሁ ውጡ። የ9 ዓመቷ ልጅ ግን ወደ ዋሻው እንድትወጣ አልመክርም። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ጠጠሩ ከእግር ሥር ይከዳል፤ የኖራ ድንጋይ ጠርዝ ደግሞ ዝናቡ እየበላው እንደ ቢላ ይሾላል፣ ሲወድቁ የሚይዙት ነገር ራሱ እጅ ይቆርጣል። ለትላልቆቹም ቢሆን ክፍት ጫማ አይሆንም።

አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሬያቸው የወጣኋቸው እንግዶች ሥዕሉ በፎቶ ደምቆ እንዲወጣላቸው የላስቲክ ውሃ ከፍተው ግድግዳው ላይ ረጩበት። ሥዕሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል ደመቀ። ነገር ግን ውሃው ሲደርቅ ቀለሙን ይዞ ይወርዳል፣ ጨውና ኖራ በላዩ ይጋግራል፤ ቅድም ስለ ማንቆርቆሪያው የተባለው ነገር እዚያም ይሠራል። ቶሎ አልከለከልኳቸውም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እባካችሁ ሥዕሉን አትንኩ፣ ውሃ አትርጩ፣ ዋሻው ውስጥ እሳት አታንድዱ፤ ከወለሉም አንድ የድንጋይ ስባሪ እንኳ አታንሡ፤ ተራ ጠጠር የሚመስለው ስባሪ ብዙውን ጊዜ በሰው እጅ የተፈለጠ ነው። ከወንዙ አሸዋ ጠጠር መልቀም ሌላ ነገር ነው።

የጀጎል ሰው፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ከሐረር ነኝ። ከላይ በተሰጠው ምክር በአንዱ ላይ ትንሽ ልከራከር። የ10 ዓመት ልጄን ባለፈው ዓመት ዋሻው ድረስ አውጥቼዋለሁ፤ ማልደን ተነሥተን፣ ሁለት ጊዜ አርፈን፣ ምንም ሳይሆን ወርደናል። ሆኖም ልጁ ከገጠር ዘመዶቹ ጋር ፍየል ሲከተል ያደገ ነው፤ ስለዚህ እናቲቱ ልጃቸውን ያውቃሉ፣ ፍርዱን ለእሳቸው እተዋለሁ።

ልናገር የፈለግሁት ስለ ስሞቹ ነው። በእኛ አካባቢ አፋን ኦሮሞ የሚያውቅ ሰው የቦታውን ስም ሲሰማ መልክአ ምድሩን አብሮ ይሰማል። «ለጋ» ወንዝ ማለት ነው፤ «ኦዳ» ሾላ ነው፤ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ የከብት ሥዕሎች ያሉበት ለጋ ኦዳ ስሙን ያገኘው ከእነዚህ ነው። «ጎዳ» ደግሞ ዋሻ ነው፤ ጥንታዊ የሰው ቅሪት የተገኘበት ጎዳ ቡቲቻም እንዲሁ። ልጆቹ በመንገድ የሚያገኟቸውን እረኞች ስለ ቦታው ስም ይጠይቁ። እረኞቹ ካርታ የማያሳየውን ምንጭ፣ ንብ ያለበትን ገደል፣ የነጭ ጎፈር ዝንጀሮዎቹን ማደሪያ ያውቃሉ። በነገራችን ላይ ለዝንጀሮዎቹ ምግብ አትስጡ፤ የለመዱት ዝንጀሮ ነገ የእረኛውን ልጅ ምሳ ይነጥቃል።

ውሃ እየፈሰሰ የኖራ ድንጋይ ሲቦረቡር በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ባሌ ድረስ መሄድ ይኖርባችኋል። ከባሌ ሮቤ በስተምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ የወይብ ወንዝ ገደሉ ውስጥ ገብቶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ያልፋል። የዋሻው መተላለፊያዎች ርዝመት ሲደመር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአገራችን ከሚታወቁት ሁሉ ረጅሙ ነው። ስሙ የተወሰደው በዚያ ከነበሩት የሙስሊም ደግ ሰው ከሼህ ሶፍ ዑመር ሲሆን፣ ቦታው እስከ ዛሬ ይዘየራል። ከውስጥ ስቆም ያየሁትን ልንገራችሁ፦ ወንዙ ከታች ቡናማ ሆኖ ይፈሳል፣ ግድግዳው እስከ ጣሪያው በውሃ የተላሰ ልስልስ ነጭ ነው፣ ምሰሶዎቹ ሰው ያነጻቸው ይመስላሉ፤ እጄን ምሰሶው ላይ ሳሳርፍ ቀዝቃዛና እንደ ሳሙና የለሰለሰ ነበር። ያ ድንጋይና የደቻቱ ገደል በአንድ የባሕር ዘመን የተነጠፉ ናቸው። ደቻቱ ውሃው በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚመጣ ሥራውን በችኮላና በጉልበት ይሠራል፤ ወይብ ግን ከባሌ ተራሮች ዓመቱን ሙሉ እየወረደ በእርጋታ ይሠራዋል።

የድንጋይ ተማሪ፦

የጀጎሉ ወንድማችን ያነሣው ንጽጽር ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ላክል። የኖራ ድንጋይን የሚያሟሟው የሚሮጠው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ከጣሪያ የሚንጠባጠበውም ድንጋዩን ተሸክሞ መጥቶ መልሶ ይተክለዋል። በምዕራብ ሐረርጌ በመቻራ አካባቢ ካሉት ዋሻዎች በዚህ መንገድ ያደጉ የድንጋይ ምሰሶዎች ተወስደው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቻቸው በንብርብራቸው ውስጥ የጥንቱን የዝናብ ሁኔታ አጥንተውባቸዋል። ምሰሶው እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አለው፤ ዝናቡ ሲበዛና ሲያንስ ንብርብሩ ይለያያል። የ13 ዓመቱ ልጅ ይህን ቢሰማ ሳይወደው አይቀርም።

በሸለቆው ውስጥ የቆመ የኩሬ ውሃ ካገኛችሁ ልጆቹ እግራቸውን እንዳይነክሩበት። ጥርት ያለ ቢመስልም የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች የሚወዱት እንዲህ ያለውን ዝግ ያለ ውሃ ነው።

የሳቢያኗ እናት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ሄደን ተመልሰናል፤ ያየነውን ልጻፍ።

ዓርብ ቢሮው ሄጄ ጠይቄ መንገድ የሚያውቅ ጎልማሳ አገናኙኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፈጢራችንን በልተን በባጃጅ እስከ ከተማው ዳር፣ ከዚያ በእግር ሄድን። በደንገጎ በኩል ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ልጆቹ ገና ከመጀመራችን «ብንሮጥ የምንወጣው በዚህ ነው» እያሉ ዳገት ሲመርጡ፣ ስለ 1998ቱ ሌሊት ነገርኳቸው፤ ትንሿ ልጄ አሸዋው ላይ ቆማ ሁለቱን ዳር እያየች «እዚህ ድረስ?» አለችና እጇን ከራሷ በላይ አነሣች። ከዚያ በላይ እንደነበረ ነገርኳት።

አቼቶውን ይዤ ነበር። የወንድሜ ልጅ አሥራ ስድስት ጠጠር ለቅሞ በተርታ አሰለፈ፤ ከመካከላቸው ሰባቱ ፈሉ። አንዱ ጥቁር ሆኖ በመሀሉ ነጭ መስመር ያለበት ነበር፤ ጥቁሩ ላይ አቼቶው ዝም አለ፣ መስመሩ ላይ ግን በቀጭኑ እንደ ክር አረፋ አወጣ። ሦስቱም ተንበርክከው ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙት። የድንጋይ ተማሪው ቢያስረዱን ደስ ይለኛል፦ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ኖራ እንዴት ገባ?

ወደ ዋሻው የወጡት ሁለቱ ትልልቆቹ ከመሪያችን ጋር ናቸው። እኔና ትንሿ ከሥር ሾላ ጥላ ላይ ቀርተን ሽኮኮዎች ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አየን። የወጡት ሲመለሱ መዳፋቸው ተጫጭሮ ነበር፤ ስለ ድንጋዩ ጠርዝ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ እውነት ነው፣ ጓንት ቢኖር ይጠቅማል። 4 ሰዓት ሳይሆን ሙቀቱ ስለበረታ ተመልሰናል፤ ለልጆች ከዚያ በላይ መቆየት አይመከርም። ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ሊትር ውሃ ይዘን ነበር፤ እቤት ስንደርስ አንድም ጠብታ አልቀረም።

ማታ የወንድሜ ልጅ ማንቆርቆሪያውን ራሱ ከፍቶ ቅርፊቱን በማንኪያ ጫረና የተረፈውን አቼቶ ጠብ አደረገበት።

የድንጋይ ተማሪ፦

እህቴ፣ ነጩ መስመር ካልሳይት ይባላል። የኖራ ድንጋይ የሟሟበት ውሃ በጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ የተሸከመውን እዚያ አስቀምጦ ስንጥቁን ሞልቶታል። ከማንቆርቆሪያው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያኛው ያለ እሳት መጋገሩ ነው። ጠጠሩ አሁንም ካለ ልጁ ወደ አዲስ አበባ ይዞት ይሂድ።